በሬዎቹን ከሰሌዳው ሳወርድ

ንፋስ መውጫ ስመጣ መጀመሪያ የቸገረኝ ጠመኔ መያዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቴ አይታዘዘኝም ነበር። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ ሰው ጥላ እየፈለገ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል፣ እዚህ ፀሐይ እየፈለገ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እጅዎን ብብትዎ ሥር ትንሽ ያቆዩትና ይጻፉ» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። አሁን ብርዱን ለምጄዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከክፍል ውጪ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ፤ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ግድግዳው ላይ ባቆምኳት ጣውላ። የሚመጡት አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት የሚላክላቸውን ስንቅ እየበሉ ይማራሉ። ትምህርት በሌለ ቀን ቤታቸው ሄደው ያጭዳሉ፣ ያርማሉ፣ ይወቃሉ። እጃቸው የሚፈታው በበዓል ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም በሬ አይጠመድም፤ ስለዚህ የእኛ ጥናት የሚሞቀው በእነዚያ ቀናት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ከንክኖኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«በበዓል የተከለከለው በሬ መጥመድ ነው እንጂ ማስተማር አይደለም፤ አስጠኚያቸው ልጄ» አሉኝ።

ሰሌዳዬ ላይ በሬ እንደምጠምድ ግን አልነገርኳቸውም።

ነገሩ የመጣው ከአንዲት ተማሪዬ ነው። ስለ ኃይል ስናጠና መጽሐፉ የሚሰጠው ምሳሌ በበረዶ ላይ ሸርተቴ የሚጎትት ልጅ ነበር። ገመዱ ዘንበል ብሎ ይጎተታል፤ ከጉተታው ስንቱ ወደ ፊት፣ ስንቱ ወደ ላይ ይሄዳል ነው ጥያቄው። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኛል። እዚህ በረዶ ማለት ገብስ የሚያስተኛ መዓት ነው፤ ማን ይንሸራተትበታል? ከወደ ግድግዳው የተቀመጠች ቀጭን ልጅ «ቲቸር፣ ይኸ እኮ ሞፈር ነው» አለች።

«እንዴት?»

ተነሥታ ጠመኔውን ተቀበለችኝ። ቀንበሩን ሣለች፤ ከቀንበሩ ወደ ማረሻው ዘንበል ብሎ የሚወርደውን ረጅም እንጨት፣ ሞፈሩን ሣለች፤ ከኋላ አራሹ የሚይዘውን እርፍ ሣለች። እርፉን የጨበጠ ጋቢ የለበሰ ሰውም ጨመረች። «በሬዎቹ ሲስቡ ሞፈሩ ማረሻውን ወደ ፊትም ወደ ላይም ነው የሚጎትተው። ወደ ላይ እንዳይወጣ አባዬ እርፉን ይጫነዋል።»

ትክክል ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸርተቴው ቀርቶ በአባቷ በሬዎች ማረስ ያዝን። አንዱን በሬ አደከምነው፣ አንግሉን ቀየርነው፣ መሬቱን አረጠብነው። ሒሳቡም ፊዚክሱም ከዚያው ወጣ። አንድ ነገር ግን ማረም ነበረብኝ። በፊዚክስ ኃይሎች ብቻ የሚሣሉበት ሥዕል አለ፤ ገፊውም ጎታቹም አይሣልም፤ የሚሣለው ኃይላቸው ነው፣ በቀስት።

«ሰውየውን አጥፊው» አልኳት።

ከመካከላቸው ዲያቆን የሆነ ተማሪ አለ፤ የእሷ ሀገር ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም። «ሰውየው ከጠፋማ መሬቱ ጦም ማደሩ ነው!» አለ።

«ሰውየው ባይሣልም ኃይሉ አለ። እርፉ ላይ ወደ ታች የምታመለክተው ቀስት እሱ ናት።»

«ምስኪን፣ ጋቢውንም ሳይለብስ ቀስት ሆነ!» አለ ዲያቆኑ፤ ሁሉም ሣቁ። እሷም እየሣቀች አባቷን በነጠላዋ ጫፍ አጠፋችው።

አባቷ በገበያ ቀን ስንቅ ይዞ ይመጣ ነበር፤ የገብስ ቂጣ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ ጥቂት ሽሮ። ረጅም፣ ሲናገር ዓይኑን ጠበብ የሚያደርግ ሰው ነበር። የበሬዎቹን ወሬ ከልጁ ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን በረንዳው ሥር ቆመና፣

«መምህርት፣ በሬዎቼን ቀኑን ሙሉ እንጨት ላይ ሲያርሱባቸው ይውላሉ አሉ። ማታ ገለባስ ይሰጧቸዋል?» አለኝ።

«ጠመኔ ነው የምንሰጣቸው» አልኩት።

«እንግዲያ ሲከሱ የማየው በከንቱ አይደለም!»

ሄዶ ጥቂት ከራቀ በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን አይሥቅም። «ይቺን ልጅ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቀውኝ መልሻለሁ። እናቷም ትኮርፈኛለች። ብቻ ፈተናዋን ትለፍልኝ» አለኝ። የልጅቱ ነገር በዚህ ፈተና ላይ እንደተንጠለጠለ ያን ዕለት ገባኝ። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ካላለፈች እሱም ጠያቂዎቹን የሚመልስበት ሰበብ አይኖረውም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ ሞታለች። የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ በስልክ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ሳለ። እንዴት እንደሚነገር አያውቅም፤ «እማዬ እኮ ሞተች» አለኝ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብርም ለሠልስትም አልደረስኩም። ደወል ሲደወል ገብቼ ክብ እንቅስቃሴ አስተማርኩ። አንድም ቀመር አልተሳሳትኩም። ከዚያ ወዲህ እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፤ ሰው ሲሥቅ እሥቃለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ፈስከው ተመለሱ። በዳግም ትንሣኤ ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የልጅቱ አጎት፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት። በትሩን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ምነው አባቴ፣ በደህና?»

«ደህና አይደለም መምህርት። ወንድሜን ቀበርነው።»

ልጅቱ ወደ ከተማ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ሆዱን አሞት ተኝቶ፣ ለሐኪም ሳይደርስ ነው የሞተ። አጎትየው ቀስ እያለ ነገረኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ሰማሁ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ከሩቅ ይሰማኛል።

«ልጅቱ አልሰማችም» አለኝ። «ሀገሩ ሁሉ አፉን ይዟል። አሁን ከሰማች ለቅሶ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ እናቷን እንደዚያ ሆና እያየች አትመለስም። እሱ እስከ መጨረሻው ‹ፈተናዋን እንዳታስቀሯት› እያለ ነው የሄደ። ጨርሳ ትምጣ፤ መርዶዋን ያኔ በወጉ እናረዳታለን።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። እንደ ወትሮዎ ያስተምሯት፤ ይኸው ነው።»

በወጉ የሚለው ቃል ነው ያስማማኝ። እዚህ መርዶ እንደኔ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ ቆሞ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ አድርጎ ነው የሚነገር። ለእሷ እንኳ እንደዚያ ይሁንላት አልኩ። የክርስትና ስሙን ጠይቄ፣ በጸሎቴ ከእናቴ ስም ቀጥዬ ማንሣት ጀመርኩ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አባ፣ ዝም ማለት ውሸት ነው?»

«ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ‹አባትሽ ደህና ነው› ካልሽ ግን ዋሸሽ። ምላስሽን ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። በገበያ ቀን ስንቁን የሚያመጣው አጎትየው ሆነ፤ ለእሷ «አባትሽን እግሩን ያዝ አድርጎት ነው» ይላታል። እሷ ወደ እኔ ትመጣለች።

«ቲቸር፣ አጎቴ ምን አለዎት?»

«ስንቅሽን ይዞ እንደመጣ ነገረኝ።»

«ስለ አባዬስ?»

«እግሩን እንዳመመው ነግሮሻል አይደል? ነይ፣ የትናንቱን እንጨርስ።»

ነግሯታል፤ እኔ የተናገርኩት ያንን ነው። እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል ይዤ ነበር የምሄደው። ምላሴን እንጂ እጄን መጠበቅ እንዳለብኝ ግን አላሰብኩም።

ከፋሲካ በኋላ ለጥናት መጀመሪያ የተገናኘነው በግንቦት ልደታ ነው። ጠመኔ አንሥቼ እንደ ልማዴ ቀንበሩን ልሥል እጄ ሄደና ቆመ። ጋቢ የለበሰው ሰው ታየኝ። «የአባትሽ በሬዎች» ማለት አልቻልኩም፤ በሬዎቹ አሁን የማን ናቸው? ዞር ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ። ሳጥን ሣልኩ፤ ከሳጥኑ ወደ ላይ ገመድ ሣልኩ።

«ዛሬ ስለ ሊፍት ነው።»

«ሊፍት ምንድን ነው?» አለ አንዱ። ንፋስ መውጫ ውስጥ ሊፍት የለም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዲያቆኑ ስንት ነገር ይቀልድበት ነበር። ያን ዕለት ግን «ባሕር ዳር አይቻለሁ፤ ሰው ወደ ፎቅ የሚያወጣ ሳጥን ነው» አለና አንገቱን ደፋ። ኋላ እንደሰማሁት በአባቷ ፍትሐት ላይ መስቀል ይዞ የቆመ እሱ ነው።

ልጅቱ ሊፍቱን አየች። ዲያቆኑን አየች። ከዚያ እኔን።

«ገመዱ ቢበጠስስ?» አለችኝ።

«ሳጥኑና ሰውየው እኩል ይወድቃሉ። ሰውየው ሚዛን ላይ ቆሞ ቢሆን ሚዛኑ ዜሮ ነው የሚያሳይ። ክብደቱ አይሰማውም።»

ይህን ሳስረዳ ድምፄ ምንም አልተለወጠም። እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ በሬ አልሣልኩም። መኪና ሣልኩ፣ ጀልባ ሣልኩ፣ መድፍ እንኳ ሣልኩ። ቬክተሩንም፣ ሰበቃውንም፣ ጉልበቱንም በመጽሐፉ ምሳሌ ጨረስን። ልጆቹ መኪናውን ለመዱት። ልጅቱም መምጣቷን አላቋረጠችም፤ እንዲያውም ቀድማ እየመጣች ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አብሳ ትጠብቀኝ ጀመር። «ሌላ ይስጡኝ ቲቸር» ትላለች፤ እሰጣታለሁ፤ ትሠራለች፤ «ሌላ»። ከስታለች። ሣቅ የለም፤ ለቅሶም የለም። ፊቷን ሳየው የማውቀው ነገር ይመስለኝና ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

የመጨረሻው ጥናት ሰኔ ሚካኤል ዋለ። ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ በአውቶቡስ ሊሄዱ ዝግጅት ላይ ናቸው። ሌሊት የጀመረው ዝናብ ጠዋትም አልቆመም፤ የበረንዳውን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው እየጮኽኩ ነው ያስተማርኩ። ሲጨርሱ አንድ በአንድ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ መረቅኋቸው። ዲያቆኑ «ፈተናው ላይ ሊፍት ከመጣ ሰማይ ድረስ እወጣለታለሁ» ብሎ ትንሽ አሣቀን። ሄዱ። እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ይስጡኝ።»

«አልበቃሽም?»

«የበሬ ይስጡኝ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። 

«እስከ ፋሲካ በሬ ነበር የምንሠራው» አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ ጥያቄ ሲፈታ እንደሚያስረዳ ሰው። «ከፋሲካ በኋላ ሊፍት ሆነ። የመጽሐፉን ለፈተና ብለው ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ከዚያ መኪና መጣ፣ መድፍ መጣ፤ ማረሻ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ሌላ ነገር ያመጣሉ። ዲያቆኑ መቀለድ ተወ። ገበያ ላይ ደግሞ መሬታችንን ሰው በደቦ አረሰው ሲሉ ሰማሁ። አባዬ እግሩን ቢያመው ቁጭ ብሎ ያሳርሳል እንጂ በሬዎቹን ለማንም አይሰጥም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሊፍቱ።»

የመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ሁሉ ሳምንት እኔ ቃል ስመርጥ እሷ እያወቀች «አጎቴ ምን አለዎት» ትለኝ ነበር። ለምን እንደምትጠይቀኝ አልጠየቅኋትም። ምናልባት አንድ ቀን «ደህና ነው» እንድላት ነበር የምትፈልገው።

ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። ቀንበሩን ሣለች። ሞፈሩን አወረደች። ማረሻውን፣ እርፉን። እርፉን የሚጨብጥ ሰው አልሣለችም። ወደ ታች አንዲት ቀስት አደረገችና ቁጥሯን አስልታ ጻፈችባት። መልሱ ትክክል ነበር።

«ሰውየው አይሣልም ብለውን የለ» አለች።

«ብያለሁ።»

«አጎቴ እንዳይሰማ። ማወቄን ካወቁ መርዶው ተረዳ ማለት ነው፤ ለቅሶ መቀመጥ አለብኝ። ከተቀመጥኩ ፈተናው ቀረ። ደግሞ አገር ሙሉ ለእኔ ብሎ ዝም ብሏል፤ ልፋታቸው በከንቱ አይሁን። ሲነግሩኝ ያኔ እሰማለሁ።»

ላቅፋት አሰብኩ። እጄ አልተነሣም። «በርቺ» አልኳት። እሷም ሰሌዳውን ሳትጠርግ ነጠላዋን ተከናንባ ዝናብ ውስጥ ገባች። ሥዕሉን ልጆቹ ከፈተና እስኪመለሱ አላጠፋሁትም፤ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ራሱ አጠበው።

በተመለሱ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ አጎትየው የቤቴን በር አንኳኳ። የሀገሯ ሽማግሌዎችና ሴቶች በጨለማ ተጉዘው መጥተዋል። አብሬያቸው እንድቆም ፈለጉ፤ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ተከተልኳቸው። የተከራየችበት ክፍል በር ላይ ስንደርስ አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። ገና ሳይጠራት በሩ ተከፈተ። ልብሷን ለብሳለች፤ የተኛች አትመስልም።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ነንና…» አለ አጎትየው።

አላስጨረሰችውም። «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሁለት ሆነው ያዟት። ያን ድምፅ ምንም ልለው አልችልም። ቀድማ ስላወቀች ይቀልላታል ብዬ የጠበቅሁት ለቅሶ እንዲያ አልነበረም። ደረቷን ስትመታ፣ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ ሴቶቹ ሲያነሷት አየሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ለእሷ ያን ጊዜ የተደረገላትን ለእኔ እናቴ ስትሞት ማንም አላደረገልኝም ብዬ አሰብኩ፤ አሰብኩ እንጂ አልተሰማኝም።

ወደ ሀገሯ ይዘዋት ሲሄዱ አጎትየው ወደ ኋላ ቀረት አለና እጄን ያዘኝ።

«ምንም አልጠረጠረችም። ውለታዎን እግዜር ይክፈልዎት መምህርት።»

«አሜን» አልኩ። አሜን ማለት ውሸት አይደለም።

ውጤት የወጣው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዳዲሶቹን ተማሪዎች ሸኝቼ በረንዳው ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰሌዳው ላይ ሊፍቱ አለ። ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ ከሚይዝበት ጉብታ ላይ ሆና እንደምትደውል ነፋሱ ይነግረኛል።

«ቲቸር፣ አለፍኩ።»

«እሰይ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ደስታው ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁት።  እናቷ እንዴት ናት አልኳት፤ ትሥቃለችም ታለቅሳለችም አለችኝ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚደርሳት ገና አልታወቀም፤ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሩቅ ሲኮን ምን እንደሚደረግ ልትጠይቀኝ መሰለኝ፤ አልጠየቀችም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«በሬዎቹን መለሷቸው?»

መለስኳቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። ሰሌዳውን አየሁት።

«ቆይ፣ አትዝጊው» አልኳት።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ ተነሣሁ። ሊፍቱን በመዳፌ አጠፋሁት። ቀንበሩን ሣልኩ፤ ሞፈሩን አወረድኩ፤ ማረሻውን፣ እርፉን። እርፉ ላይ ቀስቷን አደረግኩ። ጣቴ በርዶታል፤ መሥመሩ ቀጥ አላለም። በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማል፤ እሷ አልዘጋችውም።

«አዎ» አልኳት፤ «መልሻቸዋለሁ።»